የትኛው ነስሩ

ከጎረቤቴ ከጀማሉ ቤት ጀርባ እንሰት አለ። ከእንሰቱ ማዶ መስጊዱ ነው። ለሶላት የሚሄድ ሰው ሁሉ በእንሰቱ መሃል ባለችው ቀጭን መንገድ ያቋርጣል። ቅጠሉ ራስን ስለሚነካ ጎንበስ ብሎ ማለፍ ነው። ሙንታሲር ግን አጥሩን ይዞ ዞረ።

ይህን ያየሁት መጀመሪያ የመጣ ቀን ነው። የጀማሉ ልጅ ሩፋይዳ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ስትማር ነው ከእሱ ጋር የተዋወቀችው። እሱ እዚያው ወልቂጤ የመንገድ ቀያሽ ነው። ረጋ ያለ ልጅ ነው። ጥያቄ ሲጠየቅ ከመመለሱ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል። ምሳ በላን፤ ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ተነሳን። እኛ ወደ እንሰቱ ስንገባ እሱ ወደ ግራ ታጥፎ በአጥሩ ጥግ ሄደ። ከሁላችን ዘግይቶ ደረሰ።

"ጫማዬ እንዳይጨቀይ ብዬ ነው" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ጊዜው ጥር ነበር። መሬቱ እንደ ጡብ ደርቋል።

በእኛ አገር በእንሰት መሃል የማያልፍ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። ከጥንት ጀምሮ አብረውን የሚኖሩ፣ ወንዶቹ እንጨት የሚጠርቡ፣ ሴቶቹ ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። በአንድ ቃል እንጠራቸዋለን፤ ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። ባለ እጆች ልበል። የቤታችንን ምሶሶ የሚያቆሙልን እነሱ ናቸው። ምሶሶው ከቆመ በኋላ ወደዚያ ቤት አይገቡም። ከእነሱ ጋር አንጋባም። በአንድ ዕቃ አንጠጣም። እንሰት መሃል ከገቡ እንሰቱ ይጠወልጋል ይባላል። ስለዚህ ልጆቻቸው ገና መራመድ ሲጀምሩ ዙሩ እየተባሉ ያድጋሉ። ሰው ተምሮ ብዙ ነገር ይረሳል። እግር አይረሳም።

ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም። ካልተጠየቅኩ አልናገርም፤ ልማዴ ነው።

ሴት ልጅ ስትጠየቅ ዘር ይጣራል። ሁለት ሽማግሌ ወደ ልጁ አገር ይላካል። ሽማግሌዎቹ ሄደው፣ አይተው፣ "ንጹህ ነው" ካሉ ኒካሁ ይታሰራል። "አይሆንም" ካሉ አባት ቢያዝን፣ ልጅ ብትታመም፣ አይሆንም። ጀማሉ ታላቅ ወንድሙን ሀጂ ዑመይርንና ጎረቤቱን እኔን ላከ። ሙንታሲር የነገረን አጭር ነው። አባቱ ነስሩ ይባላል፤ ከተራራው ላይ ካለ መንደር ወደ ወልቂጤ የወረደ ገበሬ ነበር። አባትም እናትም ሞተዋል። እህት ወንድም የለውም። የመንደሩን ስም መታወቂያው ላይ ስላለ አልደበቀም። እኔ ግን አልጽፈውም።

የካቲት ውስጥ አንድ ማለዳ ከከተማችን ከእንሴኖ ተነሳን። ሩፋይዳ እስከ መኪናው ሸኘችን። ሀጂን "በሰላም ግቡ" አለችው። የእኔን እጅ ያዘች።

"ጋሼ አብዶ፣ ጥሩ ወሬ ይዘውልኝ ይምጡ።"

"ያየነውን ነው ይዘን የምንመጣው" አልኳት።

እጄን ቶሎ አልለቀቀችም።

መኪናው የሀጂ ፒክአፕ ነው፤ በርበሬ የሚጭንበት። ወንበሩ ሳይቀር ያስነጥሳል። የሚነዳው የልጁ ባል ሙባሪክ ነበር። ቡታጅራ ላይ የነዳጅ ሰልፍ ያዘን። ሀጂ ወልቂጤ ላለ ነጋዴ ወዳጁ ደወለ። ስልክ ሲይዝ ተራራውን አሻግሮ የሚጣራ ይመስላል።

"ልጁን ታውቀዋለህ? ... ጸባዩስ? ... ማሻአላህ! ... ዘሩስ?"

አዳመጠ። ስልኩን ኪሱ ከተተ።

"ይሰግዳል፣ አይቅምም፣ ሰው አያስቀይምም አለ። ዘሩን አላውቅም አለ። ከተማ ምኑን ያውቃል!"

"ሀጂ፣ የእኔን ጊዜ ማንን ነበር የላካችሁት?" አለ ሙባሪክ።

"ላንተማ አብዶን ብቻ። እናንተ ቤት ደርሶ፣ ዶሮ በልቶ፣ ተኝቶ መጣ። እንዴት ነው ብንለው፣ ዶሮዋ ጥሩ ነበረች አለን።"

"ጥሩ ነበረች" አልኩ።

ሙባሪክ መሪውን እየመታ ሳቀ።

ከቡታጅራ ወደ ምዕራብ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ተራራው ከእግሩ እስከ ትከሻው በእርከን ተቆርጧል። ከሩቅ ደረጃ ይመስላል። አፈሩ እንዳይሄድ በየእርከኑ ድንጋይ ተደርድሯል። ላይ ላዩን ጥሩው መሬት ነው፣ ገብስና እንሰት። ታች ገደሉ አፍ ላይ ድንጋይና ቀይ ሸክላ አፈር ነው። ቤቶቹም እንደ መሬቱ ናቸው። የማን ቤት እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም። የተሠራበትን እርከን ማየት ነው።

አንድ መታጠፊያ ላይ ሴቶች ጀበናና ገንቦ መንገድ ዳር ደርድረው ተቀምጠዋል። ሀጂ አስቆመ። ከመኪናው ወርዶ ገንቦዎቹን በጣቱ እያንኳኳ አንድ መረጠ። ሴትዮዋ አነሳችለትና መሬት ላይ አስቀመጠችለት። ከመሬት ወሰደ። ብሩንም መሬት ላይ አደረገላት። ከመሬት አነሳች። እንዲህ አድርጉ ያላቸው አልነበረም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁ፤ ከመኪና ውስጥ ሆኜ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ገንቦውን ከኋላ ጭነን ስንነሳ ሙባሪክ ጠየቀ።

"ሀጂ፣ መካ ላይ ከማን አጠገብ ቆማችሁ ሰገዳችሁ?"

"ከሁሉም አጠገብ። ከጥቁሩም፣ ከነጩም፣ ከሀብታሙም፣ ከለማኙም። ትከሻ ለትከሻ። ሰው ሁሉ የአደም ልጅ ነው።"

"ታዲያ እዚህስ?"

"መካ ላይ እንሰት አይበቅልም" አለ ሀጂ።

ሙባሪክ ሳቀ። ሀጂ ግን አልቀለደም።

መንደሩ ስንደርስ የአካባቢው ሰው እርከን ላይ ነበር። የዘመቻ ሥራ ነው። ወንዱ ይቆፍራል፤ ሴቷ ድንጋይ ታቀብላለች። መንገድ ዳር አካፋውን ተደግፎ የሚያርፍ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ሰላምታ ተለዋወጥን። ስለ ዝናቡ ጠየቅነው፣ ስለ ገብሱ ጠየቅነው። ከዚያ ሀጂ ወደ ጉዳዩ ገባ።

"ከዚህ መንደር ነስሩ የሚባል ሰው ነበር?"

"የትኛው ነስሩ?"

"ብዙ ናቸው?"

"ሁለት ነበሩ። ሁለቱም የሉም።" አካፋውን አንስቶ ወደ ላይኛው እርከን አመለከተ። "አንዱ የዚያ መሬት ባለቤት ነው። የትልቅ ሰው ልጅ። ሚስቱን ይዞ ወልቂጤ ወረደ። እዚያው ሞቱ ሲባል ሰማን። ዘመድ አልቀረውም፤ እንሰቱን ጎረቤት ይዞታል።"

ሀጂ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ።

"ልጅ ነበረው?"

"እዚህ እያለ አልወለደም። ከሄደ በኋላ ወልዶ እንደሆነ አላውቅም።"

"ሙንታሲር የሚባል?"

"ሙንታሲርማ" አለ ሽማግሌው፣ ግንባሩን በክንዱ እየጠረገ፣ "የሌላኛው ነስሩ ልጅ ነው። የጠራቢው። የአሚኔ ልጅ። ለትምህርት ብሎ ሄደ፣ ይኸው አይተነው አናውቅም።"

"ጠራቢው?"

ሽማግሌው አካፋውን ወደ ታች፣ ወደ ገደሉ አፍ አዞረ። ቃሉን ተናገረው፤ እኔ የማልጽፈውን።

የሀጂ ፊት ጠቆረ። ኮፍያውን አወለቀና መልሶ አደረገ።

"እንመለስ" አለ።

"የተላክነው እስከ ደጃፍ ድረስ ነው" አልኩ።

"ምን ቀረ አብዶ? ሰማህ እኮ!"

"ስም ከስም ይገጥማል። የላይኛው ነስሩ ልጁን ሙንታሲር ብሎት እንደሆነስ? ሄደን የታችኛው ልጅ የት እንዳለ እንጠይቅ። ሳናይ ብንመለስ ጀማሉ ምን አያችሁ ይለናል።"

ይህን ስል የአጥሩን ነገር ረስቼው አይደለም። የትኛው ነስሩ እንደሆነ ከሀጂ ቀድሜ አውቄያለሁ። ለምን መውረድ እንደፈለግሁ ግን ለራሴም ግልጽ አልነበረም። ሩፋይዳ እጄን ስለያዘች ይሆናል። ወይም ሞታለች የተባለችውን እናት ማየት ፈልጌ ይሆናል።

ሙባሪክ መኪናው ጋ ቀረ። በእርከኖቹ መሃል በእግር ወረድን። ከእርከን እርከን ሲወረድ ድንጋዩ ይንሸራተታል።

"ጉልበቴን ሩፋይዳ ነች የምትክሰኝ" ይላል ሀጂ። "ብቻ ይህ ልጅ ዋሽቶን ይገኝ! ሰው ቤት ገብቶ፣ ምሳችንን በልቶ..."

"ገና አልታወቀም።"

"በሳህናችን በልቶ አብዶ! በሳህናችን!"

ታች ጥቂት ቤቶች ተጠጋግተው ቆመዋል። ጥላ ሥር ያልተተኮሰ ሸክላ ተደርድሯል። አንዲት አሮጊት መሬት ላይ ተቀምጣ የገንቦ ሆድ በለስላሳ ድንጋይ ታሻለች። እኛን ስታይ ተነሳች። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ መንገድ ለቀቀችልን፤ ደጇ ግን የራሷ ደጅ ነው። አጭር ናት። እጇ እስከ ክንዷ ጭቃ ነው።

ቤቷ ትንሽ ናት፤ በሩ ግን የተቀረጸ ነው። እንዲህ ያለ በር እንሴኖ ላይ ሀብታም ቤት እንኳ አላየሁም። ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ከውስጥ አመጣች። አዲስ ናቸው። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልን። ሀጂ መሐረቡን አውጥቶ ወንበሩ ላይ ዘረጋና ተቀመጠ። እኔ ያለ መሐረብ ተቀመጥኩ። መሐረብ ስላልነበረኝ ነው።

"ውሃ ላምጣላችሁ አባቶቼ? ጣሳው አዲስ ነው። ማንም አልጠጣበትም።"

መልስ ሳትጠብቅ ገብታ አመጣች። ጣሳው የሚያብረቀርቅ ነው፤ የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተላጠም።

"ጠጥተን ነው የመጣነው" አለ ሀጂ።

ወደ እኔ ዞረች። አፌ ደርቆ ነበር። ውሃው ፊቴ ነው። እጄ አልተዘረጋም።

"እኔም ጠጥቻለሁ" አልኩ።

ጣሳውን ሳትከፋ አጠገቧ አስቀመጠች። የለመደችው ነገር ነው።

እኔ ወደ በሩ ፊቴን ሰጥቼ ነበር የተቀመጥኩት፣ ሀጂ ጀርባውን። በሩ ክፍት ነው። የቤቱ ግድግዳ በጭስ ጠቁሯል። መሃሉ ላይ ግን አራት ማዕዘን የሆነ ያልጠቆረ ቦታ አለ። ከላዩ ሚስማር አለ፤ ሚስማሩ ላይ ክር ተንጠልጥሏል። ፎቶ ነበረ። በቅርብ ነው የወረደው፤ ሸረሪት እንኳ አልደረሰበትም።

"አሚኔ አንቺ ነሽ?" አለ ሀጂ።

"ነኝ አባቴ።"

በዕድሜ ከሀጂ ትበልጥ እንደሆነ እንጂ አታንስም።

"ሙንታሲር የሚባል ልጅ አለሽ?"

ጉሮሮዋን ጠረገች። ቀስ ብላ፣ አፏን በእጇ ጀርባ ከልላ። ሙንታሲር ጉሮሮውን ሲጠርግ የሰማሁ መሰለኝ።

"ነበረኝ።"

"ነበረኝ ማለት ምን ማለት ነው?"

"ሞቷል።"

ሀጂ ወደ እኔ አየ። እኔ ሚስማሩን አየሁ።

"የት ነው የሞተው?"

"ባሕር ላይ። ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ነበር። ጀልባው ተገለበጠ አሉ። ሬሳም አልተገኘም።"

"ቆየ?"

"ቆየ።"

"ታዲያ መንደሩ እንዴት አልሰማም? ላይ ያገኘነው ሰው ለትምህርት እንደሄደ ነው የሚያውቀው።"

አሚኔ ወደ ላይኛው እርከን ተመለከተች። ሰዎቹ ከዚህ ሲታዩ ትንንሽ ናቸው። የአካፋው ድምፅ ግን ይሰማል።

"ማን ለቅሶ ሊደርሰኝ ነው የምናገረው?" አለች።

ሀጂ ጢሙን ይዞ ትንሽ አሰበ። ሰውየው ክፉ አይደለም። አደራ የያዘ ሰው ነው፤ አደራ ደግሞ ሰውን ያደነድናል።

"የሰው ልጅ ሕይወት የተንጠለጠለበት ነገር ነው የምጠይቅሽ" አላት። "ወላሂ በይ። ልጄ ሞቷል፣ ወላሂ በይ።"

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ጭቃው ደርቆ ስለነበር አልለቀቀም። መልሳ ጠረገች። ዓይኗ ከሀጂ ተነስቶ እኔ ላይ አረፈ። ለምኛት አላውቅም፣ ለምናኝም አታውቅም፤ አሁን ግን አንዳች ነገር የምትጠይቀኝ እኔን ነበር። ትማላለች። ይህን አየሁ። አላህን ትፈራለች፤ ይህንንም አየሁ። አፏን ከፈተች።

"ሀጂ፣ ተው" አልኩ። "እናት በሞተ ልጇ አትማልም።"

"አደራ ነው አብዶ።"

"የጀልባውን ነገር እኔም ሰምቻለሁ። በርበሬ ተራ ሲወራ። የዚህ አገር ልጆች ነበሩበት ብለዋል።"

ምንም አልሰማሁም። ጀልባም አላውቅም። ግን ሰው የሚያውቀኝ እንዲህ ነው፣ አብዶ ያላየውን አይናገርም። ሀጂ ፊቱ ፈታ አለ። ከትከሻው ላይ ከባድ ነገር የወረደ ይመስላል።

"ቀድመህ አትናገርም ሰውዬ!" አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። "ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። በውሃ የሞተ ሸሂድ ነው፣ ሰማዕት ነው እናቴ። አይዞሽ።"

አሁን እናቴ አላት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሀጂ ሃይማኖተኛ ነው። ሞት ሰምቶ ዝም ብሎ አይነሳም። መሐረቡን ከወንበሩ አንስቶ ኪሱ ከተተ፣ ሁለት እጁን ዘረጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እኔም ዘረጋሁ። እሷ ቆየች፤ ከዚያ ጭቃ የያዘ እጇን ዘረጋች።

"ያ አላህ፣ ሙንታሲርን ማረው።"

"አሚን" አለች አሚኔ።

"ጀነትን ስጠው።"

"አሚን።"

"በሕይወት ያጣውን በአኼራ አግኝቶ ይደሰት።"

"አሚን።"

"ለእናቱ ሶብር ስጣት።"

እዚህ ላይ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ከመሐላ አዳንኳት ብዬ ነበር። ያመጣሁባት ይህን ነው።

ሀጂ ቀድሞ መውጣት ጀመረ። እኔ ወንበሩን ወደ ጥግ ሳደርግ አሚኔ ጠጋ አለች፤ ጠጋ ብትልም በመካከላችን ከሁለት ክንድ የማያንስ ቦታ ተወች።

"አባቴ" አለች በሹክሹክታ። "ልጅቷ ጥሩ ናት?"

ስለ ልጅቷ ማናችንም አልነገርናትም።

"ጥሩ ናት" አልኩ።

"አልሐምዱሊላህ።"

ተመልሳ ገንቦዋ ጋ ተቀመጠች። ድንጋዩን አንስታ ማሸት ጀመረች። ወደ ላይ ስወጣ ዞሬ አየሁ። የገንቦውን ያንኑ አንድ ቦታ ነው የምታሸው።

መኪና ውስጥ ሀጂ ወሬውን ለሙባሪክ ነገረው። የታችኛው ነስሩ ልጅ ባሕር በልቶታል። ስለዚህ የእኛው ሙንታሲር የላይኛው ነስሩ ልጅ ነው፤ የትልቅ ሰው ዘር፣ መሬቱ እንኳ ላይኛው እርከን ላይ አለ። አብዶም ስለ ጀልባው ሰምቷል። ሀጂ ይህን ሲያወራ ደስታው እውነተኛ ነበር። ለወንድሙ ልጅ ደስ ብሎታል። ለአሮጊቷም አዝኗል።

"ምስኪን" ይላል መልሶ መላልሶ። "አንድ ልጅ ነበራት።"

ሙባሪክ በመስታወቱ አየኝ።

"የቱ ጀልባ ነው ጋሼ አብዶ? እኔ በርበሬ ተራ ነው የምውለው፣ አልሰማሁም።"

"መንገዱን እያየህ ንዳ" አልኩት።

ሙባሪክ ብዙ ይስቃል እንጂ ሞኝ አይደለም። ኋላ ያለው ገንቦ በየመታጠፊያው ይንኳኳል። ቡታጅራ ገብተን ምሳ በላን። ውሃ አምጡልኝ አልኩ። አንድ ብርጭቆ ጠጣሁ፣ ደግሜ ጠጣሁ።

"ጠጥቻለሁ አላልክም ነበር?" አለ ሀጂ።

ብርጭቆውን ደግሜ አስሞላሁ።

እንሴኖ ስንደርስ ፀሐይዋ ወደ መጥለቂያው ነበረች። ጀማሉ ደጅ ቆሟል። ሙንታሲር ከወልቂጤ መጥቶ ከአጥሩ ጥግ ቆሟል። ሀጂ መኪናው ሳይቆም በመስኮት ብቅ ብሎ "ንጹህ ነው!" ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጀማሉ ወንድሙን አቀፈ። ሩፋይዳ ከቤት ሮጣ ወጣችና ሰው መኖሩን ስታይ ቆመች፤ ፊቷን በሻርፏ ሸፈነች።

ሙንታሲር ከቆመበት አልተነቃነቀም። ወደ እሱ ሄድኩ።

"እናትህን አየኋት" አልኩ።

ጉሮሮውን ጠረገ።

"ደውለህላት ነበር?"

"ደውዬ ነበር ጋሼ አብዶ።"

"ምን በዪ አልካት?"

"አላውቀውም በዪ ነው ያልኳት። እንዲህ ያለ ልጅ የለኝም በዪ። ያን ብቻ ነው ያልኳት።"

"ሞቷል ነው ያለችው። ሀጂ ዱዓ አደረገልህ። እሷም አሚን አለች።"

አጥሩን ያዘ።

"ሞተ በዪ አላልኳትም" አለ። "ወላሂ ጋሼ አብዶ፣ ሞተ በዪ አላልኳትም።"

"አውቃለሁ።"

"ለሰው ይነግሩብኛል?"

"ለማንም። የተነገረው ተነግሯል።"

ልጁን ልገስጸው አልቻልኩም፤ ላጽናናውም አልቻልኩም። እሱን እንዲህ ያደረግነው እኛ ነን። የእናቱን ውሃ ያልተቀበለው እጅ የእኔ ነው።

ሙአዚኑ ለመግሪብ ጠራ። ሰዉ ከደጅ እየተነሳ ወደ እንሰቱ ገባ። ሙንታሲር እንደ ልማዱ እግሩን ወደ ግራ አነሳ።

"በመሃል እለፍ" አልኩት። "ከዛሬ ወዲያ አትዙር። አንድ ቀን ሌላ ሰው ያይሃል።"

አየኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደማውቅ ያኔ ገባው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደ እንሰቱ ገባ። ከኋላው ተከተልኩት። እጁን ከጎኑ አጣብቆ፣ ቅጠሎቹን ላለመንካት ትከሻውን ሰብስቦ ነው የሚሄደው። ቅጠሎቹ ግን ሰፊ ናቸው፤ ነኩት።

ሩፋይዳ ከኩሽናው በር ላይ ሆና ተጣራች።

"ሙንታሲር! ጫማህ ዛሬ አይጨቀይም?"

ሴቶቹ ሳቁ። እሱም ሊስቅ ሞከረ።

መስጊድ ውስጥ አጠገቤ ቆመ። ትከሻው ትከሻዬን ነካ። ሰገድን። ሶላቱ ካለቀ በኋላ ሰው ሊነሳ ሲል ሀጂ ዑመይር እጁን አነሳ።

"ወንድሞቼ፣ አንዴ" አለ። "ዛሬ ተራራ ላይ አንዲት ምስኪን እናት አግኝተናል። ከእነዚያ ሰዎች ናት፤ ቢሆንም እናት ናት። አንድ ልጇን ባሕር በልቶባታል። ለቅሶ የደረሳት ሰው የለም። ዱዓ እናድርግለት።"

ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ።

"ስሙ ማን ነበር ሀጂ?" አለ ኢማሙ።

"ሙንታሲር። ሙንታሲር ነስሩ።"

ሰዉ ዞሮ ወደ ሙሽራው አየና ፈገግ አለ። ጀማሉ ከኋላ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ኢማሙ ዱዓውን አደረገ፤ ከሀጂ ይልቅ ረዘም ያለና ያማረ ነበር። መስጊዱ በአንድ ድምፅ አሚን አለ። ከአጠገቤ ድምፅ አልሰማሁም።

ሀጂም አልሰማም መሰለኝ። ጎንበስ ብሎ በፍቅር ገሰጸው።

"አሚን በል እንጂ ልጄ። ሞክሼህ ነው።"

ሙንታሲር ጉሮሮውን ጠረገ።

"አሚን" አለ።

እኔም አልኩ።